የዲሪቤ ድርሻ

መቱ ውስጥ በወንድሟ የምትኮራ ሴት ጥሩአየሁ ብቻ አልነበረችም፤ እንደሷ አድርጎ የሚኮራ ግን አልነበረም። ወንድሟ ወንድይራድ ገና ቤሩት ሕክምና ሲማር፣ እሷ ገበያ ወጥታ በርበሬ ስትመርጥ፣ «ይቺን እንኳ ተያት፤ ሐኪሙ ወንድሜ ሆድ ትነካለች ይላል» ትል ነበር። በርበሬ ሻጪቱ ሐኪሙን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ቢሆንም ተሸማቅቃ ሌላ ታቀርብላታለች። ቤሩትን ጨርሶ እንግሊዝ አገር ሲሻገርማ አይጣል ነው። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ወፍጮ ቤት ያልሰማ አልቀረም፤ የሰማውም ደግሞ እንዲሰማ ተደረገ።

ኩራቷ እንዲያው የአፍ አልነበረም። አባትና እናታቸው ባንድ ዓመት ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ገና ኮረዳ፣ እሱ ገና የወተት ጥርሱ የሚወልቅ ልጅ ነበር። ቡና ነጋዴው አራርሳ ሽማግሌ ሲልክባት፣ ወንድሜን ይዤ ከሆነ እመጣለሁ፣ ያለዚያ የለሁበትም አለች። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ጥሎሽ ሰምተንም አናውቅ ብለው ተሳሳቁ። አራርሳ ግን የዋዛ ሰው አይደለም፤ ሙሽራ ሊያመጣ ሄዶ ሙሽራና ልጅ ይዞ ገባ። ያ ልጅ ከመቱ ትምህርት ቤት አንደኛ እየወጣ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ ወዲያማ ማን ሊይዘው። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ዶክተር ተብሎ ሲመለስ እስከ ጎሬ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዳ ተቀበለችው፤ እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ የማን እህት እንደሆነች ሳይነገረው አልተመለሰም።

ታዲያ የምን ሐኪም ነው የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነገር ጠመመ። የልጆች አእምሮ ሐኪም ነው። የዳኛው ሚስት ዘውደነሽ ይህን ስትሰማ ሳቋ ሦስተኛ ቤት ተሰማ። መቱ ከመብረቅ ቀጥሎ የሚፈራው የዘውደነሽን አፍ ነበር። ልጅ ደግሞ ምን አለበትና ነው አእምሮው የሚታመመው አለች፤ ግብር አይከፍል፣ ሙግት የለበት። ጥሩአየሁ መቼም መልስ አታጣም፣ አንቺ ያላየሽው በሽታ ሁሉ የለም ማለት ነው ወይ ብላ አፏን አስያዘቻት። በልቧ ግን ምነው ሆድ ቀድዶ የሚሰፋ ሐኪም በሆነልኝ ስትል ከርማለች። እሱ ቢሆን ጠባሳው ይታያል፤ ደግሞም የልጆች አእምሮ የሚያይ ሐኪም እሷ ቤት ባይገባባት ይሻላት ነበር።

ምክንያቱም ዲሪቤ አለች።

ዲሪቤ፣ ጥሩአየሁና አራርሳ ከተጋቡ ከብዙ ዓመት በኋላ ያገኟት የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ስትወለድ የምታምር ልጅ፣ ዓይኗ እንደ ቡና ፍሬ የጠቆረ። ዓመት አልፎ ሁለት ሲሆን ግን አልናገር አለች፤ ስሟ ሲጠራ አትዞርም፤ ሰው ሲነካት ትጮኻለች። የቡና ፍሬ ካገኘች በትልቅ በትንሹ እየለየች በመስመር ትደረድራለች፤ እየደረደረች ደግሞ ታንጎራጉራለች። መስመሩን ያፈረሰባት ሰው ወዮለት። ዓይን በላት ያለ አለ፣ መንፈስ ነው ያለ አለ። ጥሩአየሁን ያሸበራት ግን ይሄ አይደለም። ጎረቤት ቢያይ፣ «ያችን ኩራተኛ እግዜር አዋረዳት» የሚል ይመስላታል፤ የሚሉትም በማን አፍ እንደሆነ ታውቀዋለች። ስለዚህ ልጅቷን በሦስት ዓመቷ ዳሪሙ ገጠር ለሚኖሩት ለባሏ እናት፣ አኮ ማለት አያቴ እየተባሉ ለሚጠሩት ለአኮ ዲንቄ ሰጠቻት። የበኩር ልጅን አያት ብታሳድግ ማንም አይገረምም። «አያቷ አልለቅ ብለው ነው» ትላለች ለሚጠይቃት ሁሉ። ለወንድሟም ይህንኑ አለችው። አራርሳ ቡና ሊገዛ ዳሪሙ በወረደ ቁጥር ልጁን አይቶ ይመለሳል፤ ተመልሶም ቀኑን ሙሉ አይናገርም። እሷም አትጠይቀውም።

ወንድይራድ አገሩ የመጣው ለጥናት ነው። እንግሊዝ አገር ያስተማሩት አንዳንድ ሊቃውንት፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፣ በዘመድ መሃል የሚያድግ የአፍሪካ ልጅ የአእምሮ ሕመም አያውቅም ይላሉ። እሱ ይሄ ሐሰት ነው ብሎ ተከራክሯቸው ነው የመጣ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ቃል ገብቶለታል፦ የታመሙ ልጆች መኖራቸውን ካሳየ መቱ ሐኪም ቤት ውስጥ ለልጆች ብቻ የሚሆን ክፍል ይሰጠዋል፤ ድሬሰር የሚባሉትን የሐኪም ረዳቶች ያሠለጥናል፤ እዚሁ ይቀራል። ካላሳየ ግን ክፍሉም የለ፣ እሱም ተመልሶ ይሄዳል። ይህን ሲነግራት ጥሩአየሁ ከደስታዋ ብዛት ቤት ለቤት እኔ እመራሃለሁ አለችው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። የተናገረችው ነገር ትርጉሙ የገባት በማግስቱ ነው።

መቱን ዞሩት፤ እዚያው ኢሉባቦር ያለችው ቡሬም ወርደው ዞሩ። ወንድይራድ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የመንደር ልጅ ሆኖ ነው የሚናገረው፤ በየቤቱ ተነሥተው ይቀበሉታል፣ ወንበር ያቀርባሉ፣ ይመርቁታል። ልጆችሽ እንዴት ናቸው ሲል ግን እናቲቱ ሁሉ አንድ መልስ አላት፦ እግዜር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ናቸው። ስንት ናቸው ሲል ደግሞ፣ የእግዜር ናቸው፣ እሱ ያውቃቸዋል። ልጅ አይቆጠርማ። የቆጠሩት ልጅ ዓይን ይገባበታል፤ የታመመ ልጅ ደግሞ ገመና ነው፣ ገመና ለእንግዳ አይገለጥም። ወንድይራድ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ከእነሱው መሃል ያደገ ስለሆነ ከኔ አይደብቁም ብሎ ተማመነ፤ የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሰው ገመናውን ከሩቅ እንግዳ ይልቅ አጥብቆ የሚደብቀው ከአገሩ ልጅ ነው።

ጥሩአየሁ ግን ከበስተኋላው ቆማ ታይ ነበር። እዚህ ቤት የጓዳው በር ከውጭ ተቀርቅሯል። እዚያ እናቲቱ እያወራች ጆሮዋ ወደ ጓሮ ነው። የጎረቤቷ የሽብሬ ቤት ሲደርሱ ከውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ድብ አለ፤ ሽብሬ፣ ጥጃው ነው አለች፤ ጥሩአየሁም አዎ ጥጃው ነው አለች። ደብቆ የሚያውቅ የተደበቀውን ያውቃል። አንድ ቃል ብትናገር ወንድሟ ይድን ነበር፤ ግን ሽብሬን ካጋለጠች ነገ ሽብሬ ልጅሽስ ትላታለች። ወንድሟን ይዛ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች።

የከፋውን ሥራዋን የሠራችው ግን ዳሪሙ ሊሄድ ሲነሣ ነው። የእህቴን ልጅ አያታለሁ እያለ በደስታ በቅሎ ሲያስጭን፣ እሷ ቀድማ ወደ አኮ ዲንቄ ሰው ላከች። ወንድይራድ እዚያ ሲደርስ አሮጊቷ ልጅቷ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች አሉት፤ ዓይናቸውን ግን ከመሬት አላነሡም። ዳሪሙንም ዞረው፤ ዳሪሙም ሁሉም ደህና ናቸው።

የተመለሰ ዕለት ምሳ ቀርቦ እጁን ታጥቦ ሳይጎርስ ቆየ። እንደዚያ ቅስሙ ተሰብሮ አይታው አታውቅም፤ እናታቸው በሞቱ ጊዜ እንኳ አንገቱን ደፍቶ አልዋለም ነበር።

«እታለም፣» አላት፣ «ወይ የተማርኩት ሁሉ ውሸት ነው፣ ወይ እኔ ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ አይደለሁም። ከኅዳር ጽዮን ማግስት ጎሬ ወጥቼ፣ ለጤና ጥበቃ ሰዎች በኢሉባቦር የታመመ ልጅ አላገኘሁም ብዬ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እዚህ ምን እሠራለሁ።»

ጥሩአየሁ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አኖረችው። ገበያውን በስሙ ስታስደነግጥ የኖረች ሴት፣ አሁን ያንን ስም በገዛ እጇ ልትቀብረው ነው። ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ፤ የሽብሬ ልጅ ከጓዳ እንደተዘጋበት ይቀራል፣ በየበሩ ኋላ ያሉት ሁሉ ይቀራሉ፣ ዲሪቤም ትቀራለች። ሐኪማቸው በእግሩ በራቸው ድረስ መጥቶ በሷ አፍ ተመለሰ። አፈረች፤ በልጇ ሳይሆን በራሷ ስታፍር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወንድይራድ ሲወጣ ጠብቃ አራርሳን መጋዘኑ ድረስ ሄዳ አገኘችው፤ ልጄን አምጣልኝ አለችው። አራርሳ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ እስከ ዛሬ ምን ይዞሽ ነበርም አላለም። በእጁ የያዘውን ጆንያ አስቀምጦ፣ በቅሎውን ጭኖ፣ በዚያው ሰዓት መንገዱን ያዘ። ሠራተኞቹ ጌታችን ምን ነካቸው ተባባሉ፤ እየሄደ ይስቅ ነበርና።

ኅዳር ጽዮን የማርያም ማኅበር ተራው የጥሩአየሁ ነበር። ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ክፍሉን ሞሉት፤ ዘውደነሽ ከፊት፣ ሽብሬ ከበሩ አጠገብ። መምሬ ደርበው ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ወንድይራድ መሰናበቻዬ ነው ብሎ ከመምሬ ጎን ተቀምጧል። የማኅበሩ ደንብ የታወቀ ነው፤ የተባረከው ዳቦ ለተገኘው ብቻ አይደለም፣ ቤት ለቀረ ልጅም ድርሻ አለው። ለእያንዳንዷ ምን ያህል ቁራሽ እንደሚገባ ባለተራዋ ስንት ዓመት ሙሉ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይቆጥርም፣ ተቀባይዋም በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ትሄዳለች። ለሰው ያልተነገረ ልጅ ግን ከማርያም ዳቦም ድርሻ የለውም፤ ከወንድሞቹ ቁራሽ ተቆርሶ በጓዳ ይደርሰዋል።

ጥሩአየሁ ዳቦውን ማደል ሲገባት ቢላዋውን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ አንዲት ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ አብራት ነበረች። ልጅቷ ማንንም አላየችም። መሃል ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ከኪሷ የቡና ፍሬ አወጣችና እያንጎራጎረች ትደረድር ጀመር። ጥሩአየሁ ቀና ብላ ቆማ፣ ዓይኗን ከዘውደነሽ ዓይን ሳትነቅል ተናገረች።

«ይህች የበኩር ልጄ ዲሪቤ ናት። አያቷ አልለቅ ብለው አይደለም፤ ዳሪሙ የደበቅኋት እኔ ነኝ። አትናገርም፤ ሰው ሲነካት አትወድም። ወንድሜ ሊያያት ሲሄድ ቀድሜ ሰው ልኬ ያስሸሸግኋትም እኔው ነኝ።» ከዚያ ከመሶቡ የመጀመሪያውን ቁራሽ አነሣችና ከልጇ ፊት አኖረችው። «ድርሻዋ ነው» አለች።

ወንድይራድ እህቱን አየ፣ ልጅቷን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ያን ከእንግሊዝ ያመጣውን ሱሪ ሳይሳሳለት ወለሉ ላይ፣ ከልጅቷ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አልነካትም፣ ስሟንም አልጠራም። የወደቀች አንዲት ፍሬ አነሣና ከመስመሩ ጫፍ አደረጋት። ዲሪቤ ፍሬዋን አይታ፣ ያለ ቦታዋ መግባቷን አውቃ፣ አንሥታ ወደ መሃል አገባቻት። ከዚያ እጇን ወደሱ ዘረጋች፤ ሌላ ፍሬ ፈልጋ ነው። የዶክተሩ ዓይን እንባ ሞላ፤ ፍሬውን ግን ሰጣት።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» አሉ መምሬ ደርበው ቀስ ብለው።

ጥሩአየሁ ዳቦውን ማደል ጀመረች። ሽብሬ ዘንድ ስትደርስ እንደ ልማዷ ሁለት ቁራሽ ሰጠቻት። ሽብሬ ነጠላዋን አላጠፈችም። ድምጿ ከሆዷ እየተጎተተ የወጣ ይመስል፣ «አንድ ጨምሪልኝ» አለች። «ሌላ ወንድ ልጅም አለኝ፤ የሚጥል በሽታ ይጥለዋል።» ጥሩአየሁ ጨመረችላት። ቀጥላ የነበረችው ሴት ደግሞ ዓይኗን ደፍታ፣ ለኔም አለች። ከሷ ቀጥሎም ሌላ። ዘውደነሽ ጋ ሲደረስ ሁሉም ሰው የሚመጣውን ቃል ሲጠብቅ ዘውደነሽ የተለመደውን ድርሻ ተቀበለች፤ ነጠላዋን ግን እንደዘረጋችው ቀረች። ጥሩአየሁ ለጥቂት ጊዜ አልገባትም። ሲገባት አንድ ቁራሽ ጨምራ አስቀመጠችላት፤ ያን ጊዜ ዘውደነሽ ነጠላዋን አጠፈች።

ኋላ የወንድይራድን ስም በየአገሩ ያስጠራው ጥናት የተጀመረው ከዚያች ክፍል ነው። ያ የአፍሪካ ልጅ አይታመምም የተባለበት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ፣ ልጁን እንዳታዩት ያደረጋችሁ አጠያየቃችሁ ነው አላቸው፤ የተከራከሩት ሰዎች ሳይቀሩ ተነሥተው አጨበጨቡለት። ተማሪዎቹ ለጥናት ሐረርም ይሂዱ ጎጃም፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት የሴቶቹ የማኅበር ቀን መቼ እንደሆነ ነው። ከመቱው የልጆች ክፍል የሠለጠኑ ድሬሰሮች ቡሬም ዳሪሙም ደርሰዋል። ቤተሰብን ሳያሳፍሩ ስለ ልጅ መጠየቅ የሚባለው ዘዴ የሱ ነው ይላሉ ዶክተሮቹ፤ እሱ ግን የእህቴ ነው ይላል። እሰይ፣ ትኩራ እንግዲህ።

ይህ ሁሉ ግን ገና ነበር። በማኅበሩ ዕለት ወንድይራድ ለሴቶቹ የነገራቸው አንድ ነገር ነው፤ ጎሬ መሄዱ ቀርቷል፣ ነገ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ኑ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነው። ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ ደግሞ በገበያው መሃል ያልፋል። ጠዋት ሴቶቹ በጥሩአየሁ ደጅ ተሰብስበው ቆሙ፤ አንዷ በጓሮ እንዙር ትላለች፣ አንዷ ገበያው እስኪበተን እንቆይ ትላለች። ማኅበር ላይ የተገለጠ ገመና ከማኅበር አይወጣም፤ ገበያ ላይ የተገለጠ ግን እስከ ጋምቤላ ይሄዳል። ዘውደነሽ ከሁሉም ኋላ፣ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ በጀርባዋ አዝላ፣ በጋቢ ሸፍናው ቆማለች። የዳኛውን ሚስት ልጅ አዝላ መቱ አይቷት አያውቅም።

አራርሳ መኪና ልለምንላችሁ ቢል ጥሩአየሁ አይሆንም አለች። የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳለች። ዲሪቤ እጇን መያዝ ስለማትወድ የነጠላዋን ጫፍ አስያዘቻትና ወደ ገበያው ቀጥ ብላ ገባች። አንገቷ አልተደፋም። ልጅቷ እያንጎራጎረች ትከተላለች። ሰው ዞር ዞር ይል ጀመር። ጨርቅ ነጋዴው አብደታ፣ ሳያውቅ የሚያድር ሰው አይደለም፣ ከሱቁ ደጅ ብቅ ብሎ፣ ጥሩአየሁ ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት አለ።

«ልጄ ናት» አለች ጥሩአየሁ፤ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ዲሪቤ ትባላለች። ወደ ሐኪሟ ይዣት እየሄድኩ ነው።»

ያንን ስትል ደረቷ ውስጥ የተፈታው ነገር ምን እንደሆነ አላወቀችም። ወንድሟ ከአውሮፕላን ሲወርድ እንኳ እንደዚህ አልተሰማትም። ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄደች ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች፤ አልዞረችም። ከዚያ የአብደታ ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን በአክብሮት ነው።

«እሜቴ ዘውደነሽ፣ ይሄኛውስ የማን ነው?»

ጥሩአየሁ ቆመች። ያ መቱን ሲያስፈራ የኖረ አፍ ዝም አለ፤ ጋቢው ውስጥ ያለው ልጅ ብቻ የሆነ ነገር ያጉተመትማል። ጥሩአየሁ ያቺን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራት ኖራለች፤ አሁን ግን በይ፣ በይ በያቸው እያለች በልቧ ትገፋፋት ነበር።

ዘውደነሽ ጋቢውን ከልጁ ፊት ላይ ገለጠችው።

«የኔ ነው» አለች።

ጥሩአየሁ ዞር ብላ ጠበቀቻትና ጎን ለጎን ሆነው ሄዱ።